ከወልዲያ እስከ ሪያድ፤ የስደተኛው ከበርቴ ሒሳብ

ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም ከሪያድ የወጣው ዜና ከለንደንና ከዱባይ ባንኮች ባልተናነሰ የመርካቶንና የወልዲያን ነጋዴ አስደንግጧል። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት «ሙስናን ለመዋጋት» በሚል በአንድ ሌሊት በርካታ ልዑላንን፣ ሚኒስትሮችንና ባለሀብቶችን ሰብስቦ ሲያስር፣ ወልዲያ ላይ ያደጉት ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ከታሳሪዎቹ ብዙዎቹ የተያዙት በከተማዋ ቅንጡ ሆቴል፣ በሪትዝ ካርልተን ነበር።

ነገሩ በሩቅ አገር የሆነ ቢመስልም ጣጣው ቅርብ ነበር። የደርባን ሲሚንቶ የሚያከፋፍለው፣ ደሴ ላይ የሞሐን ለስላሳ የሚረከበው፣ ሸራተን አዲስ ውስጥ ደመወዝ የሚቆጥረው፣ ለሚድሮክ ኩባንያዎች ዕቃ አቅርቦ ክፍያውን የሚጠብቀው ሁሉ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ስልክ ማንሳት የማይችልበት ቦታ ገብቷል። ስዊድን ውስጥ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የወርቅ ማዕድን ያለው ሀብት ለመሆኑ እንዴት በአንድ ሌሊት ትእዛዝ እጅ ውስጥ ይወድቃል? መልሱን ለማግኘት ሀብቱ የተሠራበትን መንገድ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የሁለት ጊዜ ስደት

አል-አሙዲ የሚለው የቤተሰብ ስም መነሻው የመን ውስጥ ሐድራሞት የሚባለው ደረቅ አገር ነው። የሐድራሞት ሰው መሬቱ አልበቃ ሲለው ወደ ሕንድ፣ ወደ ጃቫ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍና ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች እየወጣ ንግድ በማቅናት ይታወቃል። በአገራችን ከተሞች «ዓረብ ቤት» ሲባል የኖረው ሱቅ የዚህ ስደት ውጤት ነው። እዚያው አካባቢ ከሚገኘው ከዋዲ ደዋን የወጣው የቢን ላዲን ቤተሰብ የሳዑዲ ትልቁ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል። የቢን ማህፉዝ ቤተሰብ ደግሞ የሳዑዲ ትልቁን ባንክ ይዞ ቆይቷል። የሐድራሞት ስደተኛ በሌላ ሰው አገር መነገድን የቆየ ሙያው አድርጎታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት ሼክ አል-አሙዲ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተገኙ የወሎ ልጅ ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉባት ወልዲያ መንገድ የፈጠራት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድ ያቋርጣታል። ቻይናዎች የሠሩት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚያቀናው መንገድም የሚነሣው ከእርሷ ነው። ጨው፣ እህል፣ ከብትና ቆዳ በወልዲያ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። በዚህች ከተማ ያደገ ልጅ ዕቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ ዋጋው እንደሚለወጥ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዱ። ጊዜው ለስደተኛ የተመቸ ነበር። ንጉሥ ፋይሰል ዙፋን ላይ ከወጡ ገና መንፈቅ ወይም ዓመት ቢሆን ነው። አገሪቱ መንገድ፣ ቤት፣ ወደብና ሆስፒታል ገና መገንባቷ ነበር። ሠራተኛም ሆነ ተቋራጭ ትፈልግ ስለነበር ዓረብኛ ለሚያውቅና የሐድራሞት ዘመድ ላለው ሰው በሩ አልተዘጋም። ወጣቱ ብዙ ሳይቆይ የሳዑዲ ዜግነት አገኘ። የኋለኛው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። ያለ እርሱ መሬት መግዛት፣ ኩባንያ በራስ ስም ማቆምና ከመንግሥት ጋር ውል መፈረም አይቻልም ነበርና።

ውል ሰጪው መንግሥት ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሲያድግ የሳዑዲ መንግሥት በአንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ አሠሪ ሆነ። ሼኹ በቤትና በመሬት ንግድ፣ ቀጥሎም በሕንፃ ሥራ ተቋራጭነት ገንዘብ ያዙ። ስማቸውን ከሌሎች ተቋራጮች ለይቶ ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ያገኙት የነዳጅ ማከማቻ ሥራ ነው። አገሪቱ ለክፉ ቀን የሚሆን ነዳጅ ከመሬት በታች በዓለት ውስጥ ለማስቀመጥ ያወጣችው ይህ ፕሮጀክት እስከ 30 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ይነገርለት ነበር። ዓለት የመፈልፈሉን ሙያ ያመጡት ስዊድናውያን ናቸው፤ ሥራውን ያመጡት ግን ሼኹ ነበሩ።

ይህን የመሰለ ውል እንዴት ይገኛል? እንደ ሳዑዲ ባለ አገር የጨረታ ሰነድ ገዝቶ ዋጋ መሙላት ብቻውን አይበቃም። ውሉን የሚያውቀው፣ ክፍያውን የሚለቀውና ሲዘገይ የሚያፋጥነው ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር ያለ ቅርበት ነው። ሼኹ ለረጅም ዘመን የመከላከያ ሚኒስትር፣ በኋላም አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከልዑል ሱልጣን ቢን አብዱልአዚዝ ጋር ወዳጅነት እንደነበራቸው በሰፊው ተዘግቧል። ስደተኛው ሚኒስትር መሆን፣ ምርጫ መወዳደር ወይም ምክር ቤት ገብቶ ሕግ ማርቀቅ አይችልም። የሚቀረው ፖለቲካ የሰው ፖለቲካ ነው።

ይህ ዓይነቱ ቅርበት ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታይ ዕዳ አለው። ወዳጁ በሕይወት እስካለና ሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ያገለግላል። ልዑል ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 አረፉ፤ ንጉሥ አብደላ በ2015 ተከተሉ። በ2017 ልዑል መሐመድ ቢን ሰልማን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ከቀድሞዎቹ ጋር የተሠራው ሀብት ሁሉ አዲስ ምርመራ ጠበቀው።

አንድ ባለቤት፣ ሁለት ማጣሪያ

ሼኹ ከሳዑዲ ያገኙትን ገንዘብ ሁሉ እዚያው አላስቀመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን ኦኬ ፔትሮሊየም የተባለውን ኩባንያ ገዙ። ኩባንያው በኋላ ፕሬም ተባለ። በሊሴሺልና በዮተቦሪ የሚገኙት ሁለት ማጣሪያዎቹ ከስዊድን የማጣሪያ አቅም ውስጥ አብዛኛውን ይይዛሉ። በ1997 ደግሞ የሞሮኮ መንግሥት ሳሚር የተባለውንና በሞሐመዲያ ከተማ የሚገኘውን የነዳጅ ማጣሪያ ወደ ግል ሲያዞር ገዢው እርሳቸው ሆኑ።

ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ይከብዳል። ባለቤቱ አንድ፣ ሸቀጡ አንድ፣ ዘመኑ አንድ ነው። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። ፕሬም የነዳጅ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፣ ባንኮች ብድር ሲያጠብቁ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ሲቃወሙት፣ በ2020 የማስፋፊያ ዕቅዱን እስከ መተው ቢደርስም እንደ ኩባንያ ቆሞ ቀጠለ። ባለቤቱ ሪያድ ውስጥ በታሰሩበት ጊዜ እንኳ ማጣሪያው ነዳጅ ማውጣቱን አላቋረጠም። በ2025 መጀመሪያ ቫሮ ኢነርጂ የተባለው የአውሮፓ ኩባንያ ፕሬምን ለመግዛት መስማማቱን ይፋ አድርጓል።

ሳሚር ግን በነሐሴ 2015 (እ.ኤ.አ.) ሥራ አቆመ። በቢሊዮን ዲርሃም የሚቆጠር የባንክና የግብር ዕዳ ነበረበት፤ የሞሮኮ ጉምሩክ ሒሳቡን አገደ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር የካዛብላንካ የንግድ ፍርድ ቤት ኩባንያው ንብረቱ ተሸጦ ዕዳው እንዲከፈል ወሰነ። ባለቤቱ በበኩላቸው ጥፋቱ የመንግሥት ነው በማለት ሞሮኮን በዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ክርክር ማዕከል ከሰሱ። የጠየቁት ካሣ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ማዕከሉ በ2024 የፈረደላቸው 150 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ወስዷል።

ልዩነቱን ያመጣው ዕድል ብቻ አይደለም። በሞሮኮ ማጣሪያው ለአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ብቸኛ መሆን ትርፍ ያመጣል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ከመንግሥት ዓይን እንዳይወጡ ያደርጋል። የአገር ነዳጅ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ግብሩም፣ ዋጋውም፣ ዕዳውም የፖለቲካ ጉዳይ ይሆናል።

ወደ አገር ቤት

ደርግ በ1983 ዓ.ም ከወደቀ በኋላ የሽግግሩ መንግሥት የወረሳቸውን ድርጅቶች ወደ ግል ለማዞር ሲነሣ የአገር ውስጥ ነጋዴ ካፒታል አልነበረውም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሀብት ማካበት እንደ ወንጀል ሲቆጠር ቆይቷልና። የውጭ ባለሀብትም ቢሆን ገና ጥርጣሬ ላይ ነበር። ቼክ ይዞ የመጣው ወልዲያ ያደገው ሳዑዲያዊ ነው።

በ1988 ዓ.ም ሞሐ የተባለው ኩባንያቸው የንፋስ ስልክን፣ የተክለ ሃይማኖትን፣ የጎንደርንና የደሴን የፔፕሲ ፋብሪካዎች ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1997 የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ለሚድሮክ ጎልድ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ1990 ዓ.ም ሸራተን አዲስ ተመረቀ። ኤልፎራ የሥጋና የከብት ንግዱን ተከተለ። በ2004 ዓ.ም ደግሞ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ የማምረት አቅም አለው የተባለው የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በጋምቤላ ሳዑዲ ስታር ለሩዝ እርሻ 10 ሺህ ሄክታር ተረከበ። ሲሚንቶ በኮታና በደብዳቤ በሚገኝበት ዘመን የደርባ መከፈት ለኮንትራክተሩ ምን ያህል እፎይታ እንደነበረ ገበያው ራሱ ይመሰክራል።

ቅርበቱም አብሮ መጣ። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ሼኹ የኢሕአዴግን የንብ ምልክት የያዘ ቲሸርት ለብሰው በአደባባይ ታይተዋል። ለሕዳሴው ግድብ 1.5 ቢሊዮን ብር ለመስጠት ቃል ገብተዋል። አርቲስቶችን፣ ስፖርተኞችንና ሌሎች ታማሚዎችን ወደ ውጭ ልኮ በማሳከም ስማቸው ተደጋግሞ ተነሥቷል። ደጋፊዎቻቸው ይህን የአገር ፍቅር ሲሉት፣ ተቺዎቻቸው በበኩላቸው «ከገዢው ፓርቲ ጋር የተጣበቀ ሀብት» ይሉታል። ለገበያ ግን ከሁለቱ ስሞች የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ፓርቲው ሲለወጥ ንብረቱ ምን ይሆናል?

መልሱ ብዙ አልቆየም። የወርቁ ፈቃድ ሃያ ዓመቱ አልቆ ሲታደስ የሻኪሶ ነዋሪዎች ማዕድኑ አካባቢያችንን በክሎ ጤናችንን ጎድቷል ብለው ተነሡ። መንግሥትም በግንቦት 2010 ዓ.ም ፈቃዱን አገደ። በ2011 ዓ.ም የአዲስ አበባ አስተዳደር ለዓመታት ታጥሮ የቆየ መሬት ሲያስመልስ ሚድሮክ የያዛቸው ቦታዎችም ገቡበት። የለገደምቢ ሥራ በኋላ ቢመለስም ነገሩ ግልጽ ሆነ። የቀድሞው ወዳጅ የፈረመውን አዲሱ ባለሥልጣን እንደገና ያነበዋል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል ለነጋዴ ዛሬም የሚሠራው ለዚህ ነው።

449 ቀናት

በሪያድ እስር ላይ ክስ በአደባባይ አልተነበበም፤ ችሎትም አልተሰየመም። የሳዑዲ ዐቃቤ ሕግ በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው መግለጫ 381 ሰዎች ተጠርተው እንደነበር፣ 56ቱ ገና በእስር እንዳሉና ከተለቀቁት በስምምነት የተገኘው ንብረት ከ400 ቢሊዮን ሪያል እንደሚበልጥ ተናግሯል። ማን ምን ያህል እንደከፈለ ግን አልተገለጸም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በግንቦት 2010 ዓ.ም ሳዑዲን ሲጎበኙ አንድ ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን እስረኞች እንዲፈቱ ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። የሼኹንም ጉዳይ አንሥተው መነጋገራቸውን ተናግረዋል። ሆኖም ሼኹ የተለቀቁት ከስምንት ወር በኋላ፣ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም ነው። በጠቅላላው 449 ቀናት ታስረዋል። ቀድሞ በየዓመቱ ሀብታቸውን ያሰላ የነበረውና በ2013 (እ.ኤ.አ.) 13.5 ቢሊዮን ዶላር ብሎ የገመተው ፎርብስ መጽሔት፣ በ2018 የሳዑዲ ባለሀብቶችን በሙሉ ከዝርዝሩ አወጣ። ንብረቱ የማን እንደሆነ በማይታወቅበት አገር ግምት ማውጣት አይቻልምና።

ኖርዌያዊው በሚኒሶታ

ስደተኛና ሥልጣን ሁሌ በዚህ መንገድ ይገናኛሉ ማለት አይደለም። ክኑት ኔልሰን የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1843 በኖርዌይ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር አሜሪካ ገባ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘምቶ ቆሰለ፣ ተማረከም። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነና ወደ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ሄዶ አሌክሳንድሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፈረ። የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደዚያ እንዲያሳልፍ በመሬት ጉዳይ አብሮ ሠራ። ከዚያም ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ለፌዴራል ምክር ቤት፣ በ1893 ለአገረ ገዢነት በቃ። ከ1895 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1923 ሴናተር ነበር።

ለነጋዴ የሚገርመው ኔልሰን በሴናቱ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ በስሙ ይጠራል። ዕዳ የያዘው ነጋዴ በምን ሥርዓት ንብረቱን ለአበዳሪዎቹ አስረክቦ እንደገና መጀመር እንደሚችል የወሰነ ሕግ ነው። በ1903 የንግድና ሠራተኛ ሚኒስቴር ሲቋቋምም ረቂቁን ያቀረበው እርሱ ነው። አንድ ስደተኛ በድምፅ ተመርጦ፣ ሌላው ስደተኛ ሱቁ ሲከስር የሚዳኝበትን ሕግ ጻፈ ማለት ነው። ዛሬም በዚያች አገር መንገዱ አልተዘጋም። አሌክሳንደር አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኔቫዳ ምክር ቤት፣ ከኢትዮጵያዊ አባት የተወለዱት ሳምራ ብሩክ በ2020 ለኒውዮርክ ሴኔት ተመርጠዋል። አሰፋ በ2021 ምርመራ ሲከፈትባቸው ወንበራቸውን ለቀዋል። ምርጫ ሰውን ከጥያቄ አያድንም፤ ጥያቄው ግን በአደባባይ ይነሣል፤ መልሱም በአደባባይ ይሰጣል።

ኔልሰን እንደ ሼኹ ቢሊዮነር አልሆነም። ሼኹም እንደ ኔልሰን ሕግ አልጻፉም። ሕጉን የሚጽፉትን ሰዎች ግን ያውቁ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ከጠባይ ይልቅ ስደተኛውን ከተቀበሉት አገሮች ይመነጫል። አንዱ አገር ለስደተኛው የድምፅ ካርድ ሰጠው፤ ሌላው የቤተ መንግሥት መግቢያ ሰጠው። መግቢያ በማንኛውም ሌሊት ሊነጠቅ ይችላል።

የወልዲያ ድርሻ

ወልዲያ ከዚህ ሁሉ ሀብት ያገኘችው ትልቁ ነገር ስታዲየም ነው። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የተመረቀውና በሼኹ ስም የተሰየመው ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። የፈጀው ገንዘብ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነግሯል። የወልዲያ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ በተጫወተበት ጊዜ የጨዋታ ቀን ለሆቴሉ፣ ለባጃጁ፣ ለሻይ ቤቱና ለጫት ቤቱ እንደ ሁለተኛ የገበያ ቀን ነበር። ቡድኑ ከሊጉ ሲወርድ ያ ገበያ አብሮ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከኳስ የከፋ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም የቃና ዘገሊላ ዕለት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሱቆችና ሆቴሎች ተቃጠሉ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ተዘረፉ። ነጋዴው መጋዘኑን ከባዶ ጀመረ። ከ2015 መጨረሻ አንሥቶ በክልሉ የተቀሰቀሰው ውጊያም መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል።

የስታዲየሙን ስጦታ ማናናቅ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ከወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወርዶ የሀብሩን ዋና ከተማ መርሳን ላየ ሰው ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ከመርሳና ከአካባቢዋ ቆላ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይወጣል። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላና የጤፍ ዝርያ ሲያሻሽል ኖሯል። ፍሬው በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ሙቀቱና መንገዱ ከገበሬው ትርፍ ላይ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው የባቡር መስመር ይህን ይለውጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሞ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ኮምቦልቻ ያለው የተቋራጩ ካምፕ ተዘረፈ፤ ሥራውም ቆመ። ወንበር ከሚቆጠርበት ስታዲየም ይልቅ ማንጎ የሚቀዘቅዝበት መጋዘንና ዕቃ የሚያደርስ ባቡር ቢቀድሙ የመርሳ ነጋዴ ዛሬ ምን ይሸጥ ነበር ብሎ መጠየቅ ውለታ መርሳት አይባልም።

ያው መንገድ፣ ሌላ በር

የሀብሩ ወጣት ዛሬም ዓይኑ ሳዑዲ ላይ ነው። ሼኹ የሄዱበትን አገር ይሄዳል፤ የገቡበትን በር ግን አያገኘውም። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። ልጁ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በጦርነት መካከል ወደ ሳዑዲ ድንበር ይጓዛል። ከደረሰም ኢቃማ የለውም። ኢቃማ ያለውም ቢሆን ከከፊሉ ፈቃድ ውጭ ሥራ መለወጥ ያስቸግረዋል። ዜግነት የማይታሰብ ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ከ300 ሺህ በላይ ሌሎች ተመለሱ። እያንዳንዱ ተመላሽ ማለት የሚቋረጥ ሐዋላ፣ የማይከፈል ብድር፣ ጅምር የቀረ ቤት ማለት ነው። በመርሳና በወልዲያ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጠው ነጋዴ ስለ ሪያድ ፖሊሲ ጋዜጣ ባያነብም ውጤቱን በዱቤ መዝገቡ ላይ ያየዋል። ቢሊዮነሩም ሆነ እረኛው በአንድ አገር ውሳኔ በአንድ ሌሊት ተይዘዋል። አንደኛው ሆቴል፣ ሌላኛው መጋዘን ውስጥ ገባ እንጂ ሁለቱም ውሳኔውን የሚጠይቁበት ችሎት አላገኙም።

ለነጋዴው የሚቀረው

ከዚህ ሕይወት «ከመንግሥት ራቅ» የሚል ምክር ማውጣት ቀላል ነው። ለእኛ ነጋዴ ግን የማይሠራ ምክር ነው። መሬቱ የመንግሥት፣ የውጭ ምንዛሪው የባንክ ወረፋ፣ ፈቃዱ የቢሮ ነው። ማንም ጭራሽ ሊርቅ አይችልም።

የሚቻለው ቅርበትን በትክክለኛው መደብ መመዝገብ ነው። ቅርበት ካፒታል ተብሎ ሲመዘገብ ነጋዴው በእርሱ ላይ ፎቅ ይሠራል። ብድር ተብሎ ሲመዘገብ ግን የሚከፈልበት ቀን እንዳለ ስለሚያውቅ ይዘጋጃል። በሥልጣን ላይ ባለ ሰው ቃል የተገኘ ቦታ ካርታው ካልወጣ ገና ቦታ አይደለም። አንድ ገዢ ብቻ ያለው አቅራቢ፣ አንድ ፈራሚ ብቻ ያለው ድርጅት፣ አንድ አባት ብቻ የሚያውቀው የባንክ ሒሳብ ሁሉ በሪያድ ሌሊት የተፈተኑ ናቸው። ፕሬም ያለ ባለቤቱ ነዳጅ ማውጣቱን የቀጠለው ሥራ አስኪያጁ፣ ኦዲተሩና ፍርድ ቤቱ በየቦታቸው ስለነበሩ ነው።

ወልዲያ ላይ ሱቅ ያለው፣ መርሳ ላይ ፍራፍሬ የሚሰበስብ፣ አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ዛሬ ማታ መዝገቡን ሲዘጋ አንድ ጥያቄ ቢጨምርበት አይከስርም፤ እኔ ለ449 ቀናት ብጠፋ ከዚህ ንግድ ውስጥ በማግሥቱ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ማን ነው?